በትራክተር ሎደር ባልዲ ላይ የገጠምነው ሹካ ተንሸራተተብን፤ የጭነት መኪናው ቆሞ እየጠበቀ ነው

ጠያቂ፣ መልካ ጀብዱ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አስቸኳይ ምክር እፈልጋለሁ። የጠብታ መስኖ ዕቃ በፓሌት (ሹካ ከሥሩ በሚገባበት የጭነት መደብ) የጫነ መኪና ከጠዋት ጀምሮ እርሻው በር ላይ ቆሟል፤ ሊያወርድልን የነበረው ፎርክሊፍት የሃይድሮሊክ ቱቦው ፈንድቶ ቀርቷል። ስለዚህ በባልዲው ከንፈር ላይ በቡሎን የሚጠብቁ ሁለት ሹካዎች በሎደሩ፣ ማለትም በትራክተሩ የፊት ማንሻ ክንድ፣ ላይ ገጠምን። የመጀመሪያውን ፓሌት ከመኪናው ወለል ጥቂት እንዳነሣን የቀኙ ሹካ ወደ ጎን ተንሸራተተ፤ ወዲያው መልሰን አስቀመጥነው። ስናየው የባልዲው ከንፈር በዚያ በኩል ወደ ታች ጎብጧል። ቡሎኑን እንዴት ባጠብቀው ይሻላል? ወይስ ሹካውን ከባልዲው ጋር በብየዳ ላስይዘው?

በያጅ፣ ሳቢያን፦ ወንድሜ፣ ሹካውን በፍጹም እንዳታስበይደው። የፎርክሊፍት ሹካ በሙቀት የጠነከረ ብረት ስለሆነ ብየዳ ሲነካው ጥንካሬው ይበላሻል፤ ጭነት በተሸከመበት ሰዓትም ምንም ምልክት ሳይሰጥ ከተረከዙ (ከሚታጠፍበት ቦታ) ላይ ሊቆረጥ ይችላል። የባልዲው ምላጭም (የከንፈሩ ጠርዝ) ጠንካራ ብረት ነውና እሱንም አትንካው። መበየድ የሚቻለው በባልዲው የላይኛው ጠርዝ ላይ መንጠቆ ነው። ከእያንዳንዱ ሹካ ወደ መንጠቆው ሰንሰለት ይወጠራል፣ ሁለቱን ሹካዎች ደግሞ አንድ አግዳሚ ብረት በቡሎን ያያይዛቸዋል። እንዲህ ሲሆን ወደ ጎን አይሄዱም።

የጋራዥ ሠራተኛ፣ ድሬዳዋ፦ መፍትሔው ሰንሰለት ነው። እኛም ዘወትር ከባልዲው ጀርባ በሰንሰለት እንወጥረዋለን።

የቀድሞ የእርሻ መሣሪያዎች አሠልጣኝ፦ ከቡሎኑ በፊት መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የትራክተር የፊት አክስል ከመሃሉ በአንድ ፒን ላይ ስለሚወዛወዝ፣ መወዛወዙን እስከሚያቆምበት መገቻ ድረስ ወደ ጎን መዘንበልን አይከላከልም፤ ፊት ለፊት ከፍ ብሎ የተያዘ ክብደት አንዱ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ትራክተሩን ይገለብጠዋል። ፊቱ ሲከብድ ደግሞ የኋላ ጎማዎች ይቀልላሉ፣ የአብዛኞቹ ትራክተሮች ፍሬንም በኋላ ጎማዎች ላይ ስለሆነ ትራክተሩ በሚፈለግበት ቅጽበት አይቆምም። ስለዚህ ከኋላ ባለው ባለ ሦስት ነጥብ ማያያዣ ላይ ከባድ ነገር ይሰቀል፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳ ከሆነ የፊት ማርሹ ይግባ። የመገልበጥ መከላከያ ፍሬም ካለው ቀበቶ ይታሰር፤ ፍሬም ከሌለው ግን ይህ ሥራ ፈጽሞ አይሞከርበት። በዚህ ሥራ ሰው ይሞታል፤ ቃሌን እንደ ማስፈራሪያ አትቁጠረው።

ነጋዴ፣ ቀፊራ፦ ትራክተሩን ለምን አስፈለገው? ባልዲ አፈር ለመዛቅ የተሠራ ነው እንጂ ፓሌት ለማውረድ አይደለም። ክሬን የተገጠመለት የጭነት መኪና ተከራይ፣ ወይም ፓሌቱን ፈትተህ በአውራጆች አስወርደው።

ጠያቂ፦ ክሬን እስኪገኝ ድረስ የመኪናው ቆይታ ይቆጠርብኛል፤ የጠየቅሁትም ስለ ሹካው ነው። ለሰጣችሁኝ ምክር ግን አመሰግናለሁ። የአንዱ ፓሌት ክብደት በሰነዱ ላይ 680 ኪሎ ይላል። የሎደሩ የመለያ ሰሌዳ 1,000 ኪሎ ያነሣል ስለሚል ክብደቱ ችግር የለውም። ትራክተሩ መከላከያ ፍሬም አለው፤ ከኋላው ግን የተሰቀለ ነገር የለም።

ኦፕሬተር፣ ሐረር፦ ችግሩ ያለው እዚያው ክብደቱ ላይ ነው፣ ወንድሜ። ሰሌዳው ላይ ያለው 1,000 ኪሎ የሚለካው ባልዲው ከክንዱ ጋር በሚያያዝበት ፔርኖ ላይ ነው፤ የአንተ ሹካ ግን የሚጀምረው ከባልዲው ከንፈር ነው። ከክንዱ የኋላ ማጠፊያ እስከ ፔርኖው 2 ሜትር ነው እንበል። የባልዲው ጥልቀት 70 ሳንቲ ሜትር፣ የፓሌቱ ግማሽ 50 ሳንቲ ሜትር ቢሆን የጭነቱ መሃል 3.2 ሜትር ላይ ይውላል። 1,000 በ2 ተባዝቶ ለ3.2 ሲካፈል 625 ኪሎ ይመጣል። ከዚህ ላይ የባልዲውና የሹካዎቹ የራሳቸው ክብደት ይቀነሳል፤ ባልዲው 200፣ ሹካዎቹ 80 ኪሎ ቢሆኑ፣ ባልዲው ከጭነቱ ይልቅ ለማጠፊያው ስለሚቀርብ ክብደቱ በሙሉ ባይቀነስም፣ የሚቀርልህ ወደ 400 ኪሎ ብቻ ነው። የራስህን ማሽን በሜትር ለክተህ አስላው፣ ውጤቱ ግን ብዙም አይርቅም። ከንፈሩ የጎበጠው ቡሎኑ ስለላላ ሳይሆን ያ ሁሉ ክብደት በሁለት ጠባብ ቦታዎች ላይ ስላረፈ ነው። ሰንሰለቱ መንሸራተቱን ያስቆማል፣ ከንፈሩንም በመጠኑ ያግዛል፣ ሎደሩ የሚያነሣውን ክብደት ግን በአንድ ኪሎ እንኳ አይጨምርም።

ፓሌቱን እዚያው መኪናው ላይ ፍታና ግማሹን በእጅ አስወርድ፤ የቀረውን ከባልዲው ጋር ተጠግቶ እንዲቀመጥ አድርገህ በጠፍር እሰረው። አንድ ነገር ልጨምር። ሎደርህ ባልዲውን በራሱ አግድም የሚጠብቅ ዓይነት ካልሆነ፣ ክንዱን ስታወርድ ሹካው ቀስ በቀስ ወደ ፊት ይደፋል፤ ስለዚህ እያወረድህ በትንሽ በትንሹ ወደ ኋላ ማጠፍ አለብህ። ከመኪናው ጠርዝ ለመላቀቅ የሚበቃህን ያህል ብቻ ወደ ኋላ ሂድና ወዲያው ወደ መሬት አቅርበው፤ ከፍ አድርገህ ይዘህ አትዙር። የመልካ ጀብዱ አፈር አሸዋማ በሆነበት ቦታ የፊት ጎማው ይሰምጣልና መንገዱን አስቀድመህ በእግርህ ሄደህ እየው። ከሹካው አጠገብም ሆነ ሥር ማንም ሰው አይቁም።

ጠያቂ፦ ቧንቧዎቹ ጥቅል ስለሆኑ ይፈታሉ፣ ልጆቹ ጀምረዋል። ፓምፑ ግን በአንድ ሳጥን 420 ኪሎ ነው፤ አይከፈልም።

ኦፕሬተር፣ ሐረር፦ በጎበጠ ከንፈር 420 ኪሎ አታንሣ። ፓምፑን በተመለከተ የቀፊራው ወንድማችን የተናገሩት ትክክል ነው፤ የቀረውን አውርደህ ፓምፑን ለክሬን ተወው። የአንድ ቀን ቆይታ ከፓምፑም ከኦፕሬተሩም ይረክሳል።

የጋራዥ ሠራተኛ፣ ድሬዳዋ፦ ሰንሰለቱን ግን አትርሳ።

በያጅ፣ ሳቢያን፦ የጎበጠውን ከንፈር በእሳት አግላችሁ እንዳትቀጠቅጡት። መጀመሪያ ጭቃውን አጥባችሁ ምላጩ ከባልዲው ላሜራ ጋር በተበየደበት መስመር ላይ ስንጥቅ መኖር አለመኖሩን እዩ። ስንጥቁ ከታየ ፎቶውን እዚህ ላክልኝ። ፓምፑስ ምን ሆነ?