ክርክር፦ ተሳፋሪው በየት በኩል እንደሚሄድ በምን ይታወቅ?

አወያይ፦
የሳምንቱ ክርክራችን ይኸው። አንድ አባላችን «አዲስ መስመር ከመዘርጋቱ በፊት ሰዉ በየት በኩል እንደሚሄድ በኮምፒውተር ይገምታሉ፤ ኮምፒውተሩ ግን የአዲስ አበባን ሰው አያውቀውም» ብሎ ጻፈ። ሌላው ደግሞ «ኮምፒውተሩ ምን አደረገ? የተመረጠው ዘዴ ነው ችግሩ» አለው። ለእኛ ከተማ የሚሻለው የትኛው ዘዴ ነው? ስድብ የለም፤ ፖለቲካውም ለሌላ ቀን ይቆየን።

የጎተራው ሲቪል፦
«ሌላው» የተባልኩት እኔ ነኝ። ቀላሉና የቆየው ዘዴ አጭሩን መንገድ መፈለግ ነው። የእግሩን፣ የጥበቃውን፣ የጉዞውን ደቂቃ ትደምራለህ፤ መኪና በቀየርክ ቁጥር ለድካሙ የተወሰነ ደቂቃ እንደ ቅጣት ትጨምርበታለህ። ከዚያ ትንሽ ድምር ያገኘው መንገድ ሁሉንም ሰው ይወስዳል። ሁሉንም! በአንዲት ደቂቃ የተበለጠው መስመር ባዶውን ይመላለሳል ማለት ነው።

ስፒስና ፍሎሪያን የተባሉ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 1989 ያወጡት ዘዴ ሌላ ነው። ሰው ከቤቱ ሲወጣ አንድ መንገድ ቆርጦ አይወጣም፤ «ከእነዚህ ቀድሞ የመጣውን እይዛለሁ» ብሎ ነው የሚወጣው ይላል። ከአንድ ፌርማታ ወደ አንድ ቦታ የሚሄዱ ሁለት መስመሮች አሉ እንበል። አንዱ በየ10 ደቂቃው ይመጣል፣ ጉዞው 30 ደቂቃ ነው። ሌላው በየ20 ደቂቃው ይመጣል፣ ጉዞው 24 ደቂቃ ነው። በአማካይ የሚጠበቀው በሁለት አውቶቡሶች መሀል ያለው ጊዜ ግማሽ ነው ካልን፣ የመጀመሪያውን ብቻ የሚጠብቅ ሰው 35 ደቂቃ ይፈጅበታል፣ ሁለተኛውን ብቻ የሚጠብቅ 34። ቀድሞ የመጣው ላይ የሚወጣ ግን 31 ደቂቃ ከትንሽ ሰከንድ። አጭር መንገድ ፈላጊው ሰዉን ጠቅልሎ ሁለተኛው መስመር ላይ ይጭነዋል፤ ይሄኛው ከሦስት ሰው ሁለቱን የመጀመሪያው ላይ ያስቀምጣል። ስንት አውቶቡስ የት ይመደብ የሚባለው በዚህ ቁጥር ነው እንግዲህ።

ሩቅ አትሂዱ። ስታዲየም ባቡር ፌርማታ ቆማችሁ ልደታ ለመሄድ ከአያትና ከቃሊቲ የሚመጣውን መስመር ትለያላችሁ? አትለዩም። እዚያ መሀል ሁለቱም መስመሮች የሚሄዱት በአንድ ሐዲድ ነው፤ የመጣው ላይ ትወጣላችሁ።

የሲኤምሲ ልጅ፦
«የመጣው ላይ ትወጣላችሁ» አልክ? ኧረ ወንድሜ፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ ና እስቲ! ባቡሩ ሲመጣ ውስጡ ያለው ሰው ከመስታወቱ ጋር ተጣብቋል። በሩ ይከፈታል፣ አንድ ሰው ይወርዳል፣ ሦስት ሰው ይገፋል፣ በሩ ሊዘጋ ሲል የአንዱ ቦርሳ ይይዘዋል፣ እንደገና ይከፈታል። እኔ ሦስተኛውን ነው የምጠብቀው። በአንተ ሒሳብ ግን እኔ የመጀመሪያው ውስጥ ተቀምጬ እየሄድኩ ነው።

የጎተራው ሲቪል፦
ትክክል ነሽ፤ የ1989ኙ ዘዴ እንዳለ ከተወሰደ ተሽከርካሪ ይሞላል ብሎ አያስብም። በኋላ የመጡት መሳፈር አለመቻልን እንደ ተጨማሪ ጥበቃ ያስገቡታል።

ጋሽ ሹፌር፦
ልጆች፣ ባቡሩን ተዉትና ስለ ሚኒባስ እናውራ። ዕድሜዬን የጨረስኩት እዚያ ላይ ነው። የእናንተ ሒሳብ መስመር የሚባል ነገር ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ይመስለዋል። ማታ መስመሩን የሚያወጣው ሹፌሩ ነው። ታፔላው «መገናኛ አያት» ይላል፤ ረዳቱ «ሲኤምሲ ብቻ!» እያለ ይጠራል። ሲኤምሲ ያራግፍና እዚያው ቆሞ «አያት፣ አያት» ብሎ እንደገና ይጭናል። አያት የሚሄደው ሰው ወርዶ፣ ተሰልፎ፣ ሁለተኛ ታሪፍ ከፍሎ ምናልባት እዚያው መኪና ላይ ይወጣል። እኔም አቆራርጬ ጭኛለሁ፣ አልዋሽም። ለባለቤቱ የማስገባው የቀን ገቢ ነበረብኝ፣ ረዳቱም አለ፣ ነዳጁም አለ። ታዲያ እዚህ ላይ መንገድ የመረጠው ማነው?

የጎተራው ሲቪል፦
ጋሼ፣ እርስዎ ያሉትን የትኛውም ሶፍትዌር ውስጥ አላየሁትም። በወረቀት ላይ ያ ሰው መኪና አልቀየረም፤ በእውነት ግን ቀይሯል።

ሎጂት፦
ማስተርሴን በዚሁ ጉዳይ እየሠራሁ ስለሆነ ልግባ። ሁላችሁም ሰውን አንድ ዓይነት አደረጋችሁት። አንዱ መቀመጫ ካገኘ 15 ደቂቃ ቢጨመርበት አይከፋውም፤ ሌላዋ አምስት ብር ለማዳን ሩብ ሰዓት ትሄዳለች። ሎጂት የሚባለው ዘዴ ለዚህ ነው የሚጠቅመው፤ ለእያንዳንዱ መንገድ የመመረጥ ዕድል ይሰጣል። ኢኮኖሚስቱ ማክፋደን በፈረንጆቹ 2000 ኖቤል ያገኘው በዚህ ዓይነት የምርጫ ሥራ ነው።

ደካማ ጎኑን እኔው ልንገራችሁ፣ ኋላ እንዳታስነሱብኝ። ከመገናኛ ሜክሲኮ ግማሹ ሰው በባቡር፣ ግማሹ በታክሲ ይሄዳል እንበል። ተራ አስከባሪው የታክሲውን ሰልፍ ለሁለት ከፈለውና አደባባዩ ማዶ ሌላ ሰልፍ አቆመ። መኪናው ያው፣ መንገዱ ያው፣ ዋጋው ያው ነው። ተራው ሎጂት ግን «አሁን ሦስት አማራጭ አለ» ብሎ ለእያንዳንዱ ሲሶ ይሰጣል። ባቡሩ ያለ ጥፋቱ ከ50 ወደ 33 በመቶ ወረደ! ሰልፍ ስለተከፈለ ከባቡር የሚወርድ ሰው ማን አይቷል? ለዚህ ነው ቤን አኪቫና ቢርሌር የተባሉ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 1999 መንገዶች በተደራረቡ መጠን ድርሻቸውን የሚቀንስ እርማት ያቀረቡት። እርማቱ ከገባ እኔ ሎጂትን እመርጣለሁ።

ከለንደን፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለምን ትገምታላችሁ? መዝግቡ! እዚህ ኦይስተር የሚባል የትራንስፖርት መክፈያ ካርድ ከፈረንጆቹ 2003 ጀምሮ አለ፤ ሰው የት እንደገባ የት እንደወጣ ይታወቃል።

ሎጂት፦
መሀል ላይ በየት በኩል እንደሄደስ?

ከለንደን፦
እሱማ አይታወቅም፣ እውነት ነው። ምድር ውስጥ ከገባ በኋላ ከፈጀበት ጊዜ ተነስተው ነው የሚገምቱት። አውቶቡስ ላይ ደግሞ ስንወጣ ብቻ ነው የምናስነካው፣ ስንወርድ የለም።

ሳስበው ካርዱ ሌላም ጣጣ አለው። በፈረንጆቹ 2014 የካቲት ላይ የምድር ውስጥ ባቡር ሠራተኞች አድማ መቱና አንዳንድ ጣቢያዎች ተዘጉ። ሰው ሳይወድ በሌላ መንገድ ሄደ። አድማው ሲያበቃ ከዕለት ተመላላሹ 5 በመቶ ገደማ በአዲሱ መንገድ ቀጠለ ብለው ተመራማሪዎች ከካርዱ መረጃ አወጡ። ማለትም ከዚያ በፊት ካርዱ «ይሄ ሰው ይሄን መንገድ ይመርጣል» ሲል የነበረው ሰውዬው ሌላውን ስላልሞከረው ነው። እኔም ሥራ ቦታዬ ከሁለት ዓመት በላይ በተንዛዛው መንገድ ስመላለስ ኖሬ አንድ የኤርትራ ልጅ ነው ያሳየኝ።

ጋሽ ሹፌር፦
የእኛ ካርድ የረዳቱ እጅ ነው። ብሩን በጣቶቹ መሀል አጥፎ ይይዛል፤ ማን የት እንደወረደ «ወራጅ አለ» ከተባለ በኋላ እሱም ረስቶታል።

የጎተራው ሲቪል፦
ስለዚህ አቋሜን ላስተካክል። ሚኒባሱ የሰዓት ሰሌዳ ስለሌለው «ቀድሞ የመጣው» የሚለው ዘዴ መነሻችን ይሁን፤ ሎጂትን ሰው ከሰው የሚለይበት ላይ እንጨምረው። ነገር ግን ጠዋትና ማታ ለየብቻ ይሠራ። ማታ ላይ የተቆራረጠው ጉዞ እንደ ሁለት መስመር ይቆጠር፤ የሞላ መኪናም እንዳልመጣ ይቆጠር። ለዚህ ደግሞ ሰልፍ ላይ ቆሞ የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል፤ በሳተላይት የሚታይ ነገር አይደለም።

ሎጂት፦
የመቀየር ቅጣቱን ከየት ታመጣዋለህ? ከውጭ አገር ጥናት ገልብጠህ? እሱ እኮ በመጠይቅ ነው የሚገኘው፤ ከሰዉ መጠየቅ አለበት።

የሲኤምሲ ልጅ፦
ይጠየቅ፣ ግን መቼ? ባለፈው አንድ ልጅ መጠይቅ ይዞ መጥቶ ነበር፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ላይ ቆሜ። «አንድ ጊዜ መቀየር ስንት ደቂቃ ከመጠበቅ ይሻልሻል?» አለኝ። አምስት አልኩት። ማታ 2 ሰዓት ቢሆን፣ መብራት የሌለበት ቦታ ወርዳችሁ ሌላ ታክሲ ጠብቁ ብትሉኝ፣ ቀጥታ የሚወስደኝን 40 ደቂቃም እጠብቃለሁ። ልጁ ግን ሰዓት የሚሞላበት ቦታ ቅጹ ላይ አልነበረውም፤ አምስት ብሎ ጽፎ ሄደ።