ረሃብ ቦክስ አያስተምርም

የቄራው ልጅ፦ ዛሬ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ እየሰማሁ ነበር። ስለ ፊሊፒናዊው ቦክሰኛ ማኒ ፓኪያው ያወራሉ። አንዱ ተንታኝ «ፊሊፒኖችን ቦክሰኛ ያደረጋቸው ረሃብ ነው፤ ጠግበው ቢያድጉ የሻምፒዮን ቀበቶ አያዩም ነበር» አለ። አብሮት ያለውም «ትክክል» ብሎ አለፈ። አንጀቴ አረረ። ፓኪያው በ14 ዓመቱ ቤቱን ጥሎ በመርከብ ተደብቆ ማኒላ ገባ። ዶናት ሸጠ፣ የቀን ሥራ ሠራ፣ ጎዳና ላይ አደረ። ይሄን እንደ በረከት ይቆጥሩታል እንዴ?

ሐዋሳ፦ ተንታኙ ምን አጠፋ? በፈረንጆቹ 1995 ፕሮፌሽናል ሲሆን ክብደቱ አልሞላ ስላለው ኪሱ ውስጥ ከባድ ነገር ከቶ ነው ሚዛን ላይ የወጣው። ራሱ ተናግሮታል። የጠገበ ልጅ ይሄን ያደርጋል? በስምንት የክብደት ምድብ ሻምፒዮን የሆነ ሌላ ወንድ ቦክሰኛ በዓለም የለም። ያ ሁሉ እልህ ከየት መጣ? ከረሃብ ነው። ሰውየው እውነቱን ተናገረ።

የቄራው ልጅ፦ እልሁ የራሱ ነው። ለረሃብ አትስጥበት። ጓደኛው ዩጂን ባሩታግም እንጀራውን ሪንግ ውስጥ የሚፈልግ ልጅ ነበር። በዚያው በ1995 ከግጥሚያ በኋላ ሞተ። ረሃብ አንዱን ሻምፒዮን ካደረገ፣ ሌላውን ምን አደረገው?

አሰልጣኙ፦ ሠፈር ውስጥ ልጆች ስለማሠለጥን ዝም ማለት አልቻልኩም። የራበው ልጅ ሁለተኛው ዙር ላይ እግሩ ይከዳዋል። ባለፈው ሳምንት አንዱ ጓንቱን ሳያወልቅ ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ አለ። ከንፈሩ ደርቋል። ምን ሆንክ ስለው «ከትናንት ምሳ ወዲህ አልቀመስኩም» አለኝ። ሻይ በዳቦ አብልቼ ወደ ቤቱ ላክሁት። ያን ቀን ምንም አልተማረም። ሌላውን ፊሊፒናዊ ቦክሰኛ ካርሎ ፓላምን ተመልከቱ። ካጋያን ዴ ኦሮ በምትባል ከተማ ቆሻሻ መጣያ ላይ ቁራሊዮ ይለቅም የነበረ ልጅ ነው። ከዚያ ያወጣው የከተማው የቦክስ ፕሮግራም ነው። አሰልጣኝ አገኘ፣ አበል አገኘ። ቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ የብር ሜዳሊያ አመጣ። ሜዳሊያውን ያመጣው ቆሻሻው ነው ወይስ ፕሮግራሙ?

ሐዋሳ፦ ሁለቱም። ፕሮግራሙን የሙጥኝ ያለው ወደዚያ ቆሻሻ ላለመመለስ ነው።

አሰልጣኙ፦ «ላለመመለስ» ካልክ ተስማምተናል። ከረሃብ እየሸሸ ነበር ማለት ነው። የሸሸኸው ነገር አሠለጠነህ አይባልም።

ሐዋሳ፦ ያስሮጣል ግን። እኔ ያልኩት እሱን ነው።

ዱባይ ያለችው፦ እናንተ በቃል ትጣላላችሁ። እኔ በፈረንጆቹ 2015 ሰው ቤት ስሠራ ከአንዲት ፊሊፒናዊት ጋር ነበርን። ፓኪያው ከአሜሪካዊው ቦክሰኛ ሜይዌዘር ጋር የተጋጠመ ዕለት እዚህ ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ነው። ስልኳን የዘይት ጠርሙስ ላይ አስደግፋ፣ እጇ ላይ ሳሙናው እንዳለ ቆማ አየች። በነጥብ ሲሸነፍ ስልኩን ዘጋችና «ለእኛ አሸንፏል» ብላኝ ወደ ሳህኗ ተመለሰች። ለሷ ፓኪያው እንደሷው በልጅነቱ ከቤቱ የወጣ፣ ለእናቱ ብር የሚልክ ልጅ ነው። እኛ እዚህ ያለነው ይሄ በደንብ ይገባናል። ደግሞ ሁላችሁም ስለ ወንዶቹ ብቻ ነው የምታወሩት። ቦክሰኛዋ ኔስቲ ፔቴሲዮ የገበሬ ልጅ ናት። ቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ የብር፣ ፓሪስ ላይ የነሐስ ሜዳሊያ ወስዳለች። ስሟን ማንም አላነሳም።

የቄራው ልጅ፦ ልክ ነሽ እህቴ፣ መነሳት ነበረባት። የኔ ጥያቄ ግን ጭብጨባው ሲያልፍ ማን ያስታውሳቸዋል ነው። ቦክሰኛው አንቶኒ ቪላኑዌቫ በፈረንጆቹ 1964 ቶኪዮ ላይ ለፊሊፒንስ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ብር ሜዳሊያ አመጣ። የኛ አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈበት ኦሊምፒክ ነው። የብር ሜዳሊያ ሽልማትን 5 ሚሊዮን ፔሶ ያደረገው ሕግ የወጣው በ2015 ነው። ቪላኑዌቫ የሞተው በ2014። አንድ ዓመት ቀደመው።

ፒያሳ፦ ፓኪያውንም ቅዱስ አታድርጉት። ምክር ቤት ገብቶ በመቅረት ነበር ስሙ የሚነሳው። ለድሃ የቆመ ሰው ወንበሩ ላይ ይገኛል። በ2022 ፕሬዝዳንት ልሁን ሲልም ሕዝቡ አልመረጠውም።

ሐዋሳ፦ ሪንጉን ከምርጫው ጋር ምን አገናኘው? በ46 ዓመቱ ወደ ሪንግ ተመልሶ ከቦክሰኛው ማሪዮ ባሪዮስ ጋር እኩል የወጣ ሰው ነው። እኔ እንደቆጠርኩት አሸንፏል።

ፒያሳ፦ የመጨረሻዎቹን ዙሮች ደግመህ እያቸው። ባሪዮስ ነው የወሰዳቸው።

የቄራው ልጅ፦ ወንድሞቼ፣ ባሪዮስን ለሌላ ቀን አቆዩት። ሐዋሳ አሁንም አልመለሰልኝም። ባሩታግን ረሃብ ምን አደረገው?

አሰልጣኙ፦ እኔ ልውጣ። ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ልምምድ አለን። ያ ልጅ ከመጣ መጀመሪያ ይበላል፣ ከዚያ ጓንት ያስራል።

ሐዋሳ፦ ይብላ፣ ማን ጠላ። ተንታኙ ተሳስቷል ለማለት ግን ይሄ አይበቃኝም። የባሩታግን ነገር አስቤበት ማታ እመለሳለሁ።