ከበሬ ጅማት ያወጣሁት ሙጫ ለምን አይይዝልኝም?

የመሰንቆ ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር መሰንቆ እሠራለሁ፤ የተሰበረ ክራርም እጠግናለሁ። ሰፈራችን ያለው ሥጋ ቤት የሚጥለውን ጅማት እየለመንኩ ሙጫ ላወጣበት እሞክራለሁ። ከሰል ላይ ጥጄው እንደ ቅልጥም ሾርባ እየተንተከተከ ይውላል። የሚወጣው ግን ጠቆር ያለና የሚሸት ነው፤ ሲደርቅም እየተፈረፈረ ይረግፋል። የመሰንቆውን ሳጥን አራት ጣውላዎች አጣብቄበት ቆዳውን ስወጥርበት ማዕዘኖቹ ይላቀቃሉ። በጠርሙስ ያስቀመጥኩትም ሻገተ። ጣውላው ዋንዛ ነው። ሙያው ያላችሁ፣ ምን ላስተካክል?

ጎጃሜ አናጢ፦
ወንድሜ፣ ጅማቱ ምንም አልበደለ፣ እሳቱን ቀንስ። ሙጫ አይፈላም። ትልቅ ድስት ውኃ አድርገህ ጣድ፤ ጅማቱና ውኃው ያለበትን ትንሽ ድስት እውስጡ አስቀምጠው፤ ከሥሩ ጠጠር አድርግለት። እንፋሎት ይውጣ እንጂ እንዳይንተከተክ። ቴርሞሜትር ካለህ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ያዘው። ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ውኃው ጣት ላይ መጣበቅ ሲጀምር አጥልለው። የመጀመሪያውን ለብቻው አስቀምጥ፣ ጠንካራው እሱ ነው። ውኃ ጨምረህ ሁለተኛ ማውጣት ትችላለህ፤ ያ ግን ለወረቀትና ለጨርቅ ይሁንልህ፣ እንጨት ላይ አትመነው።

የኬሚስትሪ መምህር፦
ምክንያቱን ልጨምርበት። ጅማት ውኃው ሲቀር አብዛኛው ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ነው፤ ረጃጅም ክሮች እንደ ገመድ የተገመዱበት። ሞቅ ባለ ውኃ ግምዱ ይፈታና ጄላቲን ይሆናል፤ የሚያጣብቀው ይኸው ነው። እሳቱ ሲበረታና ሲረዝም ክሮቹ ራሳቸው ይቆራረጣሉ፤ አጫጭር ክር ደግሞ አይይዝም። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። «እኛ ጋ ቶሎ ስለሚፈላ አይጎዳውም» የሚል ሰው አጋጥሞኛል፤ 94ም ለሙጫ ከልክ በላይ ነው።

የድሮ ብራና ፋቂ፦
ልጄ፣ ከእሳቱ በፊት እጥበቱ ይቅደም። የቋንጃውን ጅማት ምረጥ፣ ነጩንና ወፍራሙን። የተረፈውን ሥጋና ሞራ በቢላ ፋቅለት፤ ስብ የገባበት ሙጫ እንጨት አይዝም። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ ደሙ እስኪለቅ ውኃውን እየቀያየርክ አሳድረው፣ ከዚያ ደቀቅ አድርገህ ክተፈው። ያጠለልከው ሲቀዘቅዝ ስቡ ከላይ ይረጋል፣ ግፈፈው። ከሥሩ ያለው እየተንቀጠቀጠ ሲረጋ በክር እየቆረጥክ ወንፊት ላይ ዘርጋው። ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ ይሁን፤ ፀሐይ ላይ ካሰጣኸው መልሶ ይቀልጣል። ደህና የደረቀ ሙጫ ማር ይመስላል፣ ብርሃን ያሳልፋል፣ ስትሰብረው ቀጭ ይላል። እንዲህ ሆኖ ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ አይበላሽም። የሻገተብህ ፈሳሹን ስላስቀመጥከው ነው።

ፈጣን መልስ፦
ይኼ ሁሉ ድካም ለምን? ነጭ ኮላ ገዝቶ መለጠፍ ነው። ሱቅ ሁሉ አለ።

ጎጃሜ አናጢ፦
ለአዲስ ሳጥን ነጭ ኮላ ቢጠቀም አልጣላውም። ክራር ለመጠገን ግን አይሆንም። የጅማት ሙጫ በሞቀ ቢላና በትንሽ እርጥበት ይላቀቃል፤ ነገ ሌላ ሰው ሊፈታው ሲፈልግ እንጨቱ አይሰነጠቅበትም። በነጭ ኮላ የተጣበቀ አሮጌ ክራር እየመጣልኝ ስንቱን ስታገል ውያለሁ!

አሁን ወደ መሰንቆው። ጠያቂው፣ ቆዳውን እርጥብ ሳለ አይደል የምትወጥረው? እንግዲህ ችግርህ ሙጫው ብቻ አይደለም። እርጥቡ ቆዳ ማዕዘኑ ላይ ሲያርፍ ውኃው ወደ መገጣጠሚያው ይገባል፣ የጅማት ሙጫ ደግሞ ውኃ ሲያገኝ ይለሰልሳል። በዚያው ሰዓት ቆዳው እየደረቀ ጣውላውን መጎተት ይጀምራል። የፈለገ ጥሩ ሙጫ ቢሆን እዚያ ላይ ይሸነፋል። ስለዚህ ሳጥኑን ካጣበቅህ በኋላ ቢያንስ አንድ ሌሊት፣ በክረምት ከዚያም በላይ ታስሮ ይደር። በየማዕዘኑ ቀጭን የእንጨት ችንካር ምታበት። ቆዳውንም ውኃው እስከሚንጠባጠብ ድረስ አታርሰው፤ ጨምቀህ፣ በጨርቅ አድርቀህ ወጥረው።

ስታጣብቅ ደረቁን ሙጫ አንድ እጅ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ሁለት እጅ በሚዛን አድርገህ እስኪያብጥ ዘፍዝፈው። ከዚያ በዚያው በድርብ ድስት 60 ዲግሪ አካባቢ አሙቀው። ጣውላውንም እሳት ዳር ሞቅ አድርገው፤ ቀዝቃዛ እንጨት ላይ ሙጫው ሳይገባ ይረጋል። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ጠብታ አድርገህ ስትለያያቸው ቀጭን ክር ካወጣ ደርሷል። ቀብተህ ቶሎ አገጣጥመህ እሰረው።

የጣና ዳር ሠዓሊት፦
እኔ ብራና ላይ ስለምሥል ቀለሜን የማሲዘው በእንስሳ ሙጫ ነው፤ እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ባሉ የዘጌ አብያተ ክርስቲያናት ጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን ሥዕሎች እያየሁ ነው ያደግሁት። የምጨምረው ስለ ወቅቱ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሙጫ ለማድረቅ አትድከም፤ ሐይቁ ዳር ያለው እርጥበት ሳይደርቅ ያሻግተዋል። ደረቁ ወራት ደግሞ ከሁዳዴ ጋር ይገጥማል፣ ያኔ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል። ስለዚህ ከገና እስከ ጾሙ መግቢያ ጅማቱን ሰብስበህ፣ አጥበህ ጥሬውን አድርቀህ አስቀምጥ። የደረቀ ጅማት ይቆያል፣ በጾሙ ጊዜ እየዘፈዘፍክ ታወጣዋለህ። ፈሳሹን ለጥቂት ቀን ማቆየት ከፈለግህ ጥቂት አቼቶ ጠብ አድርግበት። ጨው አትጨምር፣ እርጥበት ይስባል።

የመሰንቆ ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ቆዳው እርጥበት አላሰብኩም ነበር። አንድ ነገር ቀረኝ፤ የምኖረው ተከራይቼ ነው፣ አከራዬ እማማ ሽታውን አልቻሉትም። መላ አለ?

የድሮ ብራና ፋቂ፦
ትኩስ ጅማት በደንብ ታጥቦ በለስላሳ እሳት ሲወጣ ከመረቅ የበለጠ አይሸትም። የሚሸተው ሥጋ የቀረበት፣ የከረመ ወይም ያረረ ነው። እማማን ግን አስቀድመህ አስፈቅድ፣ ድስቱም ከወጥ ድስት ይለይ። ተረፈ ጅማቱን ግቢ ውስጥ አትጣል፤ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይሰበሰብብሃል።