ትምህርት ሊከፈት ሲል ለሚጎርፉት የማስታወቂያ ኢሜይሎች ምን ትመልሳላችሁ?

የማታ ጸሐፊ
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ልጅ አስተዳደግ ብሎግ እጽፋለሁ። ትምህርት ሊከፈት ሲቃረብ ኢሜይሌ መላ ቅጡ ይጠፋል። ቦርሳው፣ የምሳ ዕቃው፣ የስም ስቲከሩ፣ የሒሳብ መተግበሪያው፣ ጭራሽ ከትምህርት ጋር ምንም የማይገናኘው የፊት ክሬም ሳይቀር «ለወላጅ አንባቢዎችሽ ታላቅ ዜና» እየተባለ ይመጣል። ግማሹ ስሜን እንኳ አያውቅም፣ «ውድ ብሎገር» ነው የሚለኝ። አንዱማ የሌላ ሰው ብሎግ ያደነቀበትን ደብዳቤ ለእኔ ላከው! ክፍያ ስጠይቅ «በጀት የለንም፣ ዕቃውን ግን በነፃ እንልክልሻለን» ይላሉ። ለሁሉም ልመልስ ወይስ ዝም ልበል? ዕቃውን ተቀብዬ ብጽፍስ?

ቀይ እስክሪብቶ
ለሁሉም መመለስ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፣ ተይው። እኔ «ውድ ብሎገር» የሚለውን ሳላነብ አጠፋለሁ። የጻፍኩትን አንብቦ ለመጣ ሰው ግን ባልስማማም እመልሳለሁ።

ከወዲያ ማዶ
ፒአር (የሕዝብ ግንኙነት) ውስጥ ስለሠራሁ የላኪውን ወገን ልንገራችሁ። ያንን ኢሜይል የሚልከው ብዙ ጊዜ የቢሮው ጀማሪ ነው። ከዳታቤዝ «ወላጅ ብሎገሮች» የሚል ዝርዝር ያወጣል፣ የስም ቦታው ባዶ ከሆነ ሲስተሙ «ውድ ብሎገር» ብሎ ይሞላዋል፣ አለቀ። «በጀት የለም» የሚሉት ደግሞ ሁሌ ውሸት አይደለም። የፒአር በጀትና የማስታወቂያ በጀት ብዙ ቦታ ለየብቻ ነው የሚያዘው፣ የጻፈልሽ ልጅ ደግሞ በሁለተኛው ላይ ሥልጣን የለውም፣ ስለዚህ ከእሱ ጋር መከራከር ትርፉ ድካም ነው። የስፖንሰርሺፕ ጉዳይ የሚይዘው ማን እንደሆነ ጠይቂና ዋጋሽን አያይዘሽ ላኪ። ሌላው ጊዜው ነው። ትምህርት በሚከፈትበት ሳምንት የሚከፈልበት ሥራ ተከፋፍሎ አልቋል፣ ያኔ የሚጻፍልሽ የቀረውን ክፍተት በነፃ እንድትሞዪላቸው ነው። ክፍያ ከፈለግሽ ወራት ቀደም ብለሽ አንቺው ጻፊላቸው።

ሊንክ ቆጣሪ
ጽሑፉ ውስጥ ወደ ድርጅቱ ገጽ የሚወስደውን ሊንክ ረሳችሁት እኮ። ኢሜይሉ ግርጌ ላይ «ሊንኩ ኖፎሎው እንዳይሆን» የሚል ካለ (ኖፎሎው ሊንኩን ለደረጃ አትቁጠረው ብሎ ለጉግል የሚነግር መለያ ነው) የፈለጉት ጽሑፍሽን ሳይሆን ጉግል ላይ ከፍ ማለትን ነው። ጉግል በነፃ ዕቃ የተገኘን ሊንክ በገንዘብ ከተገዛው አይለየውም። ለእንዲህ ዓይነቱ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ስፖንሰርድ» የሚል መለያ አለ፣ ኖፎሎውም ይሠራል። ያለ መለያ ከለጠፍሽው በፍለጋ ውጤት ልትቀጪ ትችያለሽ፣ እነሱ ግን ዞር ብለውም አያዩሽም። ዕቃውን መቀበልሽን ደግሞ ለአንባቢ ተናገሪ። የአሜሪካው ኤፍቲሲ (ሸማቾችን ከአሳሳች ማስታወቂያ የሚጠብቀው የመንግሥት ተቋም) በ2009 እ.ኤ.አ. መመሪያውን ሲያሻሽል ብሎገሮችንም በስም አንስቷል፣ ነፃ ዕቃም ከክፍያ እኩል በግልጽ መነገር አለበት። ጽሑፉ መጀመሪያ ላይ ጻፊው፣ ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል አትደብቂው።

የማታ ጸሐፊ
ተባረኩ፣ የበጀቱን ነገር ጨርሶ አላውቅም ነበር። አንዱ ደግሞ ልጄ ቦርሳውን ተሸክማ ፎቶ እንድትነሳ ጠይቆኛል፣ ይሄስ?

ቀይ እስክሪብቶ
ለአንድ ቦርሳ? ኧረ በስማም! ቦርሳውን ብቻውን አንሺው። ልጅቷ ትነሳ ካልሽም ፎቶው የት የት እንደሚወጣና እስከ መቼ እንደሚጠቀሙበት በጽሑፍ ይስጡሽ፣ ክፍያውም ለብቻው ይሁን። «በማንኛውም ቦታ፣ ላልተወሰነ ጊዜ» የሚል ውል ከላኩልሽ አትፈርሚ።