በየቀኑ አነባለሁ፤ እምነቴ ግን ለምን አልጠና አለ?

የማታ አንባቢ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ጥያቄ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ አጥፍቼዋለሁ። ዛሬ ልጨርሰው።

ወንድሜ ካረፈ 1 ዓመት ከ2 ወር ሆነው። ታሞ ተኝቶ ሳለ አንዲት ጓደኛዬ ኤርምያስ 29፥11ን በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ፤ ፍጻሜና ተስፋ እሰጣችሁ ዘንድ የሰላም አሳብ ነው እንጂ የክፉ ነገር አይደለም።» ከአልጋው ራስጌ ለጠፍኩት። ጠዋትና ማታ አብረን እናነበው ነበር። ድምፁ ሲደክም ደግሞ እኔ ብቻዬን አነብለት ነበር። እንደሚድን ቃል የተገባልን ያህል ነበር የያዝኩት። አልዳነም።

ከእግዚአብሔር እንዳልርቅ ሰጋሁ። ስለዚህ መጽሐፍ ቅዱስን በአንድ ዓመት የሚያስጨርስ ፕሮግራም ስልኬ ላይ ጫንኩ። በቀን 3 ወይም 4 ምዕራፍ ነው። አንድም ቀን አላጓደልኩም። ደክሞኝ እያንቀላፋሁም ቢሆን አንብቤ ምልክት አደርጋለሁ። 66ቱንም መጻሕፍት ጨረስኩ። ተራው የኤርምያስ ሲሆን ግን ምዕራፍ 29ን በዓይኔ ሮጬበት አለፍኩ።

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ልጅ ስልኬን ይዤ አየችኝና «አክስቴ፣ ዛሬ ምን አነበብሽ?» አለችኝ። 11 ዓመቷ ነው። ገና ከማንበቤ ነበር። አላስታወስኩም። መልሼ ከፍቼ አይቼ ነው የነገርኳት። እሷ ምንም አላለችም። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ አደረ።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። እምነትን የሚያጸናው እንዴት ያለ ንባብ ነው? «ጸልዪ፣ በርቺ» የሚለውን ምክር ሰምቼዋለሁ፤ ለሰጡኝም አመሰግናለሁ። እኔ የምፈልገው ቁጭ ብላችሁ መጽሐፉን ስትከፍቱ ምን እንደምታደርጉ እንድትነግሩኝ ነው።

ዘገምተኛ አንባቢ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ልጅቷንም ያጽናት። በዕድሜ ሳልበልጥሽ አልቀርም ብዬ ነው አንቺ ያልኩሽ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። የሸሸሽውን ምዕራፍ ክፈቺው። ከቁጥር 11 ግን አትጀምሪ። ከምዕራፍ 28 ጀምሪ።

እዚያ ሐናንያ የሚባል ነቢይ አለ። ዘመኑ የይሁዳ ንጉሥ ኢኮንያንና ብዙ ሕዝብ ወደ ባቢሎን ከተማረኩ በኋላ ነው። ምርኮው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ነበር። ሐናንያ በቤተ መቅደሱ፣ በካህናቱና በሕዝቡ ሁሉ ፊት ቆመና በ2 ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል አለ። ማን እንዲህ ያለ ቃል የማይወድ አለ? ኤርምያስ ራሱ «አሜን» ነው ያለው፤ እግዚአብሔር እንዲሁ ያድርግ ብሎ። ነገሩ ግን እውነት አልነበረም። ሐናንያ በዚያው ዓመት ሞተ።

ምዕራፍ 29 የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ደብዳቤ ነው። ከኢየሩሳሌም ባቢሎን ላሉት ምርኮኞች የተላከ። ቤት ሥሩ ይላል። አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለምትኖሩባት ከተማ ሰላም ጸልዩ ይላል። ነገ ጓዙን ጠቅልሎ ለሚመለስ ሰው እንዲህ አይባልም። ቁጥር 10 ላይ ደግሞ 70 ዓመት ይላል። ቁጥር 11 ከዚያ ቀጥሎ ነው ያለችው።

እስቲ አስቢው። ያ ደብዳቤ ሲነበብ ከሰሚዎቹ መካከል የ40 ዓመት ሰው ነበረ እንበል። የፋርስ ንጉሥ ቂሮስ አይሁድ እንዲመለሱ ያወጀው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ538 ነው፤ ያኔ ሰውየው ወደ 100 ዓመት ይጠጋ ነበር። ሰውየው አገሩን ሳያይ እዚያው ባቢሎን ይቀበራል ማለት ነው። «ፍጻሜና ተስፋ» የተባለው ግን ለእሱም ነው። እግዚአብሔር ስለ እሱ የነበረው አሳብ በእሱ ዕድሜ ውስጥ አላለቀም።

እህቴ፣ ያቺ ወረቀት አልዋሸችሽም። ችግሩ ከደብዳቤዋ ተቆርጣ ብቻዋን መምጣቷ ነው። ጓደኛሽም በፍቅር ነው የሰጠችሽ። እኛ ግን ቁጥር 11ን ወስደን በሐናንያ 2 ዓመት እናነባታለን። እኔም ለብዙ ዓመት እንደዚያ አንብቤያታለሁ።

እኔን የቀየረኝ ሌላ ጥቅስ ነው። ሥራ አጥቼ በተቸገርኩበት ጊዜ ፊልጵስዩስ 4፥13ን እንደ ዋስትና ይዤ ነበር፤ «ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ»። ወደ እያንዳንዱ ቃለ መጠይቅ እሷን እያልኩ እገባለሁ። አንዱም አልተሳካም። አንድ ቀን ሌላ የምሠራው ስላልነበረኝ ደብዳቤውን ከመጀመሪያው አነበብኩት። 4 ምዕራፍ፣ 104 ቁጥር ነው። ጳውሎስ ታስሮ ነው የሚጽፈው። ከቁጥር 13 በፊት ያሉት ሁለት ቁጥሮች ስለ መራብና ስለ መጥገብ፣ ስለ ማጣትና ስለ መትረፍረፍ ናቸው። እሱ «ሁሉን እችላለሁ» ሲል ማጣቱንም እችለዋለሁ ማለቱ ነው። ያን ቀን ሥራ አላገኘሁም። ማጣቴ ግን ከክርስቶስ የተጣልኩበት ምልክት እንዳልሆነ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ ነው እምነቴ መሬት የረገጠው።

ምን እንደማደርግ ስለጠየቅሽኝ ልንገርሽ። አንድ አጭር መጽሐፍ እመርጣለሁ፤ ወሩን ሙሉ ከሱ አልወጣም። መጀመሪያ ባንድ ተቀምጦ ዳር እስከ ዳር አነባለሁ። ከዚያ በየቀኑ ትንሽ ክፍል በእጄ እገለብጣለሁ። በእጅ ስትገለብጪ መሮጥ አትችዪም። «ግን»፣ «ስለዚህ»፣ «ነገር ግን» የሚሉትን ቃላት አከብባለሁ፤ ሐሳቡ የሚታጠፈው እነሱ ላይ ነው። በጎን ያልገባኝን በጥያቄ መልክ እጽፋለሁ። መልስ ሳላገኝለት ከርሞ ያለ ጥያቄ አለኝ፤ ደብተሩ ላይ እንዳለ ተቀምጧል።

ድምፄንም አውጥቼ አነባለሁ። መዝሙር 1 «ሕጉንም በቀንና በሌሊት ያስባል» ይላል አይደል? «ያስባል» የተባለው የዕብራይስጡ ቃል ማጉረምረምም ማለት ነው። ኢሳይያስ አንበሳ በያዘው ላይ ሲያገሣ፣ ርግብም ስታጉረመርም ያንኑ ቃል ይጠቀማል። ከንፈር የሚነቃነቅበት ማሰብ ነው። በስልክ ላይ በዓይን ከመሮጥ ምን ያህል እንደሚርቅ አንቺው ፍረጂ።

ሌሊት ሠራተኛ

እኔ በፈረቃ ስለምሠራ ቁጭ ብዬ መገልበጥ አልችልም። በጆሮዬ ነው የምሰማው። የማርቆስ ወንጌል 16 ምዕራፍ ነው፤ ከአራቱም ወንጌሎች አጭሩ እሱ ነው። ሙሉውን መስማት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ባንዴ ስትሰሚው «ወዲያው» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚደጋገም ታስተውያለሽ። ታሪኩ ይሮጣል፤ ወደ መስቀሉ ሲቃረብ ደግሞ ይዘገያል። ሳነብ ይህን አይቼው አላውቅም ነበር።

መስማትን ከማንበብ አታሳንሺው። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ደብዳቤው ለወንድሞች ሁሉ እንዲነበብላቸው አምሎ ነው ያዘዘው። አብዛኞቹ ቃሉን ያገኙት በጆሮ ነው።

ሦስት ደብተር

ከላይ የተባለው ጥሩ ነው። ግን አንድ ነገር ካልተናገርኩ ኅሊናዬ አይተኛም።

እኔ ሦስት ደብተር ሙሉ ማስታወሻ አለኝ። ባለቀለም እስክሪብቶ፣ ማጣቀሻ፣ የቃላት ትርጉም፣ ሁሉም አለ። ያኔ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ከተኳረፍን 4 ዓመት ሆኖን ነበር። ማቴዎስ 5ን አጠና ነበር። «መባህን በመሠዊያው ላይ ብታቀርብ...» የሚለውን፣ ማለትም ቁጥር 23ና 24ን፣ በሥርዓት ተንትኜ ጻፍኩ። መባህን ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ ነው የሚለው። ጻፍኩና ገጹን ገለጥኩ። ወደ ቀጣዩ ክፍል አለፍኩ!

ከብዙ ወር በኋላ ያንኑ ገጽ ሳገላብጥ የራሴ ጽሑፍ ወቀሰኝ። ዮሐንስ 5፥39 እና 40ን አንብቡት። ጌታ መጻሕፍትን የሚመረምሩ ግን ወደ እሱ መምጣት የማይፈልጉ ሰዎችን ነው የሚያናግረው። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ደብተሩን ዘግቼ ወንድሜ ጋ ሄድኩ። ደጁ ላይ ቆሜ ምን እንደምለው አላውቅም ነበር። እሱ «ግባ» አለኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ነው ያ ምዕራፍ ለእኔ ቃል የሆነው። ስለዚህ አንብቢ፣ ግን የተረዳሽውን አንድ ነገር ሳታደርጊ ወደ ቀጣዩ አትለፊ።

ዘገምተኛ አንባቢ

ወንድሜ ሦስት ደብተር፣ ያልከው ልክ ነው። ለእኔም ደርሶኛል። ነገር ግን እዚህ የጠየቀችን ሐዘንተኛ ናት። ለሐዘንተኛ መጀመሪያ የሚታዘዝ ነገር አልሰጥም። የሚጮህበት ነገር ነው የምሰጠው። መዝሙር 88 አለ። እንደሌሎቹ የልቅሶ መዝሙሮች መጨረሻው ላይ ወደ ምስጋና አይዞርም፤ ጨለማ ውስጥ ነው የሚያልቀው። እግዚአብሔር ይህ መዝሙር በቃሉ ውስጥ እንዲቀመጥ ፈቅዷል። እህቴ፣ ብርታት ባጣሽ ቀን እሱን አንብቢው። ማንበብሽ ራሱ መታዘዝ ነው።

ሦስት ደብተር

ተቀብያለሁ። እህቴ፣ ቸኩዬ ከሆነ ይቅርታ አድርጊልኝ።

የማታ አንባቢ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወንድሜ፣ ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር አልተናገርክም።

ፕሮግራሙን ከስልኬ አጠፋሁት። ኤርምያስ 28ን አነበብኩና ምዕራፍ 29ን እስከ ቁጥር 14 በእጄ ገለበጥኩ። አራት ማታ ፈጀብኝ። ቁጥር 10 ላይ «ሰባ» ብዬ ስጽፍ እጄ ቆመ። መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ለምን ማንም አልነገረኝም አልኩ። ቀጥሎ አለቀስኩ። ወንድሜ የመጨረሻዎቹን ቀናት ከእኔ ይልቅ ተረጋግቶ ነበር። ያቺን ጥቅስ ስናነብ እኔ መዳንን እያሰብኩ እሱ ሌላ ነገር እየሰማባት ይሆን? ጠይቄው አላውቅም። ወረቀቷን ከሳጥን አውጥቼ ምዕራፉ ያለበት ገጽ ውስጥ አስቀመጥኳት። ጋሼ (እንዲህ ልበልዎ)፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ከልጅቷ ጋር ደግሞ ማርቆስን ድምፃችንን አውጥተን ጀመርን። አንድ ክፍል እሷ፣ አንድ ክፍል እኔ። ምዕራፍ 5 ላይ ስንደርስ ፈራሁ። ኢያኢሮስ ልጁን እንዲያድንለት ጌታን ይዞ እየሄደ ነው። መንገድ ላይ 12 ዓመት ደም የሚፈሳት ሴት ታስቆማቸዋለች። እሷ ስትድን የሱ ልጅ ሞተች ይሉታል። ልጅቷም 12 ዓመቷ ነበር። የወንድሜ ልጅ እስከ መጨረሻው አነበበች። ጌታ የሞተችውን እጇን ይዞ ሲያስነሣት ድምፅዋ አልተለወጠም። መጽሐፉን ዘጋችና «አባቴንስ ለምን?» አለች።

ድሮ ቢሆን አንድ ጥቅስ እፈልግላት ነበር። አላደረግኩም። «አላውቅም፤ እኔም ይህንኑ እጠይቃለሁ» አልኳት። አቀፍኳት። በማግስቱ ልታነብ አትመጣም ብዬ ነበር። መጣች።

ቀጠልን። ምዕራፍ 8 ላይ ጌታ ሁለት ጊዜ እጁን የጫነበት ዕውር አለ። መጀመሪያ ሰዎችን እንደ ዛፍ ሲመላለሱ አየ፤ ጌታ እጁን ሲደግም አጥርቶ አየ። እሷ «ስለዚህ መጀመሪያ ግማሽ ነው ያየው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ከዚያ ትቶት አልሄደም» አለች። ይህን ከእሷ ነው የሰማሁት።

ትናንት ማታ ምዕራፍ 9ን አነበብን። የታመመው ልጅ አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ይጮኻል። ቁጥር 24 ነው። በእርሳስ አሰመረችበትና እንደ ጸሎት መጸለይ ይቻል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ይቻላል አልኳት። ከመተኛቷ በፊት አይኗን ጨፍና ያንኑ ብቻ አለች። እኔም ከጎኗ ተንበርክኬ አልኩት። ዛሬ ማታ ምዕራፍ 10 ነው።