ስቅለቱን ለሰፈር ልጆች እንዴት ላስረዳ?
ደሴ ውስጥ በአንድ ቅሬ (እድር) የምንረዳዳ ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤታሞች ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ ለሰፈሩ ወጣቶች የሁለቱን ሃይማኖቶች መሠረተ እምነት አስረዳለሁ። የማርያም ነገር አልከበደኝም፤ የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1ን ከቁርኣኑ ምዕራፍ ከሱረቱ መርየም ጋር ጎን ለጎን ስናነብ፣ ድንግሊቱ «ወንድ ሳይነካኝ እንዴት?» ብላ ስትጠይቅ ሁሉም ጸጥ ብለው አዳመጡ። ስቅለቱ ላይ ግን ተቸገርሁ። ለክርስቲያኑ የክርስቶስ ሞትና ትንሣኤ የመዳኑ መሠረት ነው፤ ቁርኣን በምዕራፍ 4 ቁጥር 157 አልገደሉትም፣ አልሰቀሉትም ይላል። «ሁሉም አንድ ነው» ብሎ ማለፍ ሁለቱንም እምነት ማቃለል ስለሆነ አላደርገውም። ጥቅሶቹን ብቻ ሳነብላቸው ደግሞ ማን ትክክል ነው በሚል ተጨቃጨቁ፤ አንዲቱ ልጅ አልቅሳ ወጣች። ቄሱንም ሼኹንም ጠይቄ የየራሳቸውን በደንብ አስረድተውኛል። ልዩነቱን ሳላድበሰብስ፣ ልጆቹንም ሳላጣላ፣ ትምህርቱን ከምን ልጀምር?