ዣኦ ወይስ ዊሊያምስ? የስኑከር ግጥሚያን አስቀድሞ መገመት ይቻላል?

ቢጫዋ ኳስ (ሚያዝያ 25 ቀን 2017፣ እኩለ ሌሊት)

ሰላም ለሁላችሁ። የዓለም ሻምፒዮናው ፍጻሜ ነገ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ በሼፊልድ ይጀመራል። ዣኦ ሺንቶንግ ከማርክ ዊሊያምስ። እስከ ሰኞ ሌሊት ይዘልቃል፤ ሰኞ የአርበኞች ቀን ስለሆነ ከሶፋው አልነሳም።

ስኑከር የተባለውን ይህን በዱላ የሚመታ የጠረጴዛ ኳስ ጨዋታ ማየት የጀመርኩት ዓምና ነው። ከዚያ በፊት የማውቀው የሰፈራችንን ፑል ብቻ ነበር፤ የተሸነፈ የጠረጴዛውን ይከፍላል፣ ተረኛው ይገባል፣ አለቀ። በዚህ ሳምንት ጓደኛዬ «ሮኒ ኦሱሊቫን ሰባት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ነው፤ ማን ይነካዋል?» አለኝና ውርርድ ቤት ገብቼ 300 ብር አስያዝኩ። ትናንት ዣኦ 17 ለ 7 አሸነፈው። አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ሳይጫወቱት ቀረ! ትኬቱ አሁንም ኪሴ ውስጥ አለ፤ ለምን እንዳልጣልኩት አላውቅም።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ አሸናፊውን ለመገመት ምን ምን ማየት አለብኝ? ስሙን? ዕድሜውን? ያለፈውን ውጤት? ወይስ ሳንቲም ልወርውር?

የሼፊልዷ

እዚሁ ከተማ በአረጋውያን መኖሪያ እሠራለሁ። ሻምፒዮናው የሚካሄድበት ክሩሲብል ቲያትር በመንገዴ ላይ ነው። በቴሌቪዥን ሲታይ ስታዲየም ይመስላል እንጂ የሚይዘው ከ1,000 ያነሰ ሰው ነው፤ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ቢያስነጥስ ተጫዋቹ ይሰማዋል። ለነገ የምጠብቀው የዣኦን ደጋፊ ነው፤ በከተማችን የሚማሩ ቻይናውያን ተማሪዎች ብዙ ናቸው።

የምንከባከባቸው አንድ ሽማግሌ የ1985ቱን ፍጻሜ (እ.ኤ.አ. ነው) እስከ እኩለ ሌሊት ማዶ አምሽተው ካዩት 18.5 ሚሊዮን ሰዎች አንዱ ናቸው። አብሬያቸው ሳይ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይሉኛል፤ የገባችውን ኳስ አትመልከቺ፣ በዱላ የምትመታው ነጯ ኳስ የት እንደቆመች ተመልከቺ። ነጯ በተደጋጋሚ ጥሩ ቦታ የምትቆምለት ሰው አይደክምም። በየምቱ ተዓምር የሚያስፈልገው ግን ምንም ያህል ቢጨበጨብለት ከአንድ ሰዓት በኋላ ይስታል። እኔ ከእሳቸው የተማርኩት ይህንኑ ብቻ ነው።

መምህሩ

ልጄ፣ በመጀመሪያ ያንን ትኬት ጣለው።

ሒሳብ ያስተማርኩበት ትምህርት ቤት ከአንድ ፑል ቤት ጋር አጥር ይጋራ ነበር። ከምሳ በኋላ ግማሹ ክፍል ባዶ ይሆናል። ጠመኔዬን እንደያዝኩ አጥሩን ዞሬ ስደርስ ተማሪዎቼ የራሳቸውን ጠመኔ በዱላቸው ጫፍ ላይ ሲቀቡ አገኛቸዋለሁ። ብዙ ዓመት ተቆጥቼ ሲሰለቸኝ የዕድል ስሌትን እዚያው ጠረጴዛው አጠገብ ማስተማር ጀመርኩ። ስለዚህ ይህን ጥያቄ በደንብ አውቀዋለሁ።

ሁለት ተጫዋቾች አሉ እንበል፤ አንደኛው ከ100 ፍሬም (ግጥሚያው የሚቆጠርበት አንድ ጨዋታ ነው) 55ቱን ያሸንፋል። ይህች ልዩነት በዓይን አትታይም። ቀድሞ 4 ፍሬም ያገኘ በሚያሸንፍበት አጭር ግጥሚያ የዚህ ሰው ዕድል 61 በመቶ ገደማ ነው። በሻምፒዮናው የመጀመሪያ ዙር 10 ፍሬም ያስፈልጋል፤ ዕድሉ ወደ 67 ከፍ ይላል። በፍጻሜው 18 ፍሬም ነው፤ 72 ይደርሳል። ስለዚህ ከስሙ በፊት የግጥሚያውን ርዝመት ጠይቅ። የሰፈርህ ፑል አንድ ዙር ስለሆነ ነው ጀማሪው አንዳንዴ የጠረጴዛውን ሳይከፍል የሚወጣው። ውርርድ ቤቱ ደግሞ ይህን ሁሉ ካንተ በፊት አስልቶ፣ የራሱንም ድርሻ ቀንሶ ነው ኦዱን (ለአሸናፊ የሚከፈለውን ብዜት) የሚለጥፈው።

አሁን ወደ ነገው እንምጣ። ዣኦ በሩብ ፍጻሜ ክሪስ ዌክሊንን 13 ለ 5፣ በግማሽ ፍጻሜ ኦሱሊቫንን 17 ለ 7 አሸነፈ። በሁለቱ ግጥሚያዎች የተነጠቀው 12 ፍሬም ብቻ ነው። ዊሊያምስ ጆን ሂጊንስን 13 ለ 12፣ ጀድ ትራምፕን 17 ለ 14 አለፈ፤ 26 ፍሬም ተነጥቋል። ዣኦ 28 ዓመቱ ነው፤ ዓርብ ስለጨረሰ ዛሬ ሲያርፍ ውሏል። ዊሊያምስ 50 ዓመቱ ነው፤ ክሩሲብል ላይ በዚህ ዕድሜ ለፍጻሜ የበቃ ከእሱ በፊት የለም። ዛሬም እስከ መጨረሻው ቆሞ ሲጫወት ነበር። ግምቴ ዣኦ 18 ለ 14 ነው።

ግን እንዳታምነኝ። በ2015 ሚያዝያ፣ ማኪያቶ በምጠጣበት ሆቴል ሲ ጃሁይ የተባለ የ20 ዓመት ልጅ ሉካ ብሬሰልን በግማሽ ፍጻሜ 14 ለ 5 ሲመራ አየሁ። ብሬሰል ለማሸነፍ ሊቀሩ ከሚችሉት 14 ፍሬሞች 12ቱን መውሰድ ነበረበት። በናፕኪን ላይ አሰላሁት፤ ሁለቱ እኩል ቢሆኑ እንኳ ዕድሉ ከ155 አንድ ነው። ናፕኪኑን ለአስተናጋጁ ሰጥቼ «ይህ ጨዋታ አልቋል፤ ካላለቀ ወር ሙሉ ማኪያቶ እጋብዝሃለሁ» ብዬው ሄድኩ። ብሬሰል 11 ፍሬም በተከታታይ ወስዶ 17 ለ 15 አሸነፈ፤ ቀጥሎም ዋንጫውን አነሳ። በማግስቱ ወደ ሆቴሉ ስገባ አስተናጋጁ ምንም ሳይናገር ናፕኪኑን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው።

የማባዛት ስህተት አልነበረበትም፤ ዛሬም ብታሰላው 155 ይመጣልሃል። ጥፋቴ እያንዳንዱን ፍሬም እንደ ሳንቲም መቁጠሬ ነበር። ሳንቲም ሲመራ አይፈራም። የስኑከር ተጫዋች ግን ተቃዋሚው ጠረጴዛው ላይ እስካለ ድረስ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ውኃ ከመጠጣት በቀር የሚሠራው ነገር የለም። ሃያ ደቂቃ እንዲህ ተቀምጠህ የሌላውን ኳስ ስትቆጥር ክንድህ ይቀዘቅዛል፣ ሐሳብህም ይሸሻል።

ቡናማው

መምህር፣ ከአክብሮት ጋር አልስማማም። ዊሊያምስ በ2000፣ በ2003 እና በ2018 (እ.ኤ.አ.) ዋንጫውን ወስዷል። ዣኦ የዚህን ቲያትር ፍጻሜ ገና አላየውም። የሼፊልዷ እህታችን ባነሳችው የ1985 ፍጻሜ ዴኒስ ቴይለር 8 ለ 0 ተመርቶ በመጨረሻዋ ጥቁር ኳስ ስቲቭ ዴቪስን 18 ለ 17 አሸንፏል። ደግሞም ዣኦ በውርርድና በግጥሚያ ማጭበርበር ጉዳይ 20 ወር ታግዶ የተመለሰ ሰው ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ከውድድር የራቀ ሰው በአራተኛው ክፍለ ጊዜ ምን ይውጠዋል?

መምህሩ

ጥሩ ክርክር ነው። የእገዳው ጉዳይ ግን ወደ ሌላ ወገን ይጎትተኛል። ዣኦ ከእገዳ የተመለሰው መስከረም 2024 (እ.ኤ.አ.) ላይ ነው፤ እዚህ የደረሰውም ገና እንደ አማተር ተመዝግቦ፣ አራት የማጣሪያ ዙር አልፎ ነው። ያን ያህል ግጥሚያ በተከታታይ ያሸነፈ ክንድ ዝጓል ማለት አይቻልም። በ2021 (እ.ኤ.አ.) የዩናይትድ ኪንግደም ሻምፒዮናን ወስዷል፤ ስለዚህ ትልቅ ፍጻሜም አያውቅም አትበል። የዊሊያምስን ልምድ አልክድም፤ ነገር ግን ዓይኑ እየደከመ መሆኑን ራሱ ተናግሯል፤ ረጅም ምት ደግሞ ልምድ ብቻ አያስገባውም።

ቢጫዋ ኳስ (ሚያዝያ 27፣ ሌሊት)

አለቀ! ዣኦ 18 ለ 12። የመጀመሪያው ቻይናዊ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

መምህር፣ ውርርድ ቤት አልሄድኩም። ከእህቴ ጋር በበዓሉ ዕቃ ተወራረድን፤ የተሸነፈ ሁሉንም ያጥባል። እሷ ዊሊያምስን ያዘች፤ «ሽማግሌ ሲታገል ማየት ደስ ይለኛል» ብላ። ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በኋላ 6 ለ 2፣ እሁድ ሌሊት 11 ለ 6፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ 17 ለ 8 ሆነ። እኔም ሰፍነጉን አምጥቼ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። ማታ ሲመለሱ ዊሊያምስ አንድ ወሰደ። ሁለተኛ ወሰደ። በሦስተኛው እህቴ ዝም ብላ ሰፍነጉን ወደ እኔ ገፋችው። በአራተኛው፣ 17 ለ 12 ሲሆን፣ የእርስዎ ናፕኪን ትዝ አለኝና እጄን አላበኝ። ደግነቱ ዣኦ ቀጣዩን ፍሬም ጨረሰው።

አሁን ወጥ ቤት ናት፤ የሳህን ድምፅ ይሰማኛል። ስለሚቀጥለው ዓመት መምህሩን ጠይቅልኝ ብላለች፤ ዣኦን ልትይዝ ፈልጋለች።

መምህሩ

በሁለት ፍሬም ነው የሳትኩት፤ ለዊሊያምስ ሁለት አብዝቼለታለሁ።

ለእህትህ እንዲህ በላት። ውድድሩ ወደ ክሩሲብል ከገባበት ከ1977 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ያሸነፈ ተጫዋች በቀጣዩ ዓመት ዋንጫውን አላስጠበቀም። የዓምናው ሻምፒዮን ካይረን ዊልሰን ዘንድሮ በመጀመሪያው ዙር 10 ለ 9 ተሰናብቷል። እንግሊዞቹ እርግማን ይሉታል። እኔ ግን ሻምፒዮኑ አምስት ግጥሚያ በተከታታይ ማሸነፍ አለበት እላለሁ። በእያንዳንዱ 70 በመቶ ዕድል ብንሰጠው እንኳ አምስቱን ስናባዛ 17 በመቶ አይሞላም፤ ከስድስት አንድ ነው።

እሷ ከስድስቱ አምስቱን ትያዝ። ዕቃውን አንተ ታጥባለህ።